በደህናው ጎኑ

የክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ የቀትሩ አዛን እየተጠራ ነበር። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ባልዲውን በኋላ ነው ያየሁት። መጀመሪያ የሰማሁት አዛኑን ነው፤ ጣሪያው ሥር ካለችው ትንሽ መስኮት ጥርት ብሎ ይገባል። እጆቼ ሳላዛቸው ተንቀሳቀሱ። ባሌን የማገላብጥበት ሰዓት ነበር።

እኛ ቤት ሰዓት የምናውቀው በአዛንና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ ሁለቱም ለቤታችን ቅርብ ናቸው። መሃል ላይ ሲራራቁብኝ ሬዲዮ ከፍቼ ዜና እጠብቃለሁ። ባሌ ወታደር ነበር። ግንባር ላይ ጀርባውን በቀኝ በኩል ተመቶ ከደረቱ በታች አይንቀሳቀስም። በሰዓቱ ካልተገላበጠ ቆዳው ይቆስላል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ «ከእንግዲህ ይህን ሰው የሚገድለው ጥይት አይደለም፣ አልጋ ነው» ብሎኛል። ያን ቀን ጠዋት በደህናው ጎኑ አስተኝቼው፣ ጉልበቶቹ መሃል ትራስ አድርጌ፣ «አዛን ሳይል መጣሁ» ብዬው ነበር የወጣሁት።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሲሚንቶው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተዘርግቷል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ፣ አጠገቡ ቢጫ ጀሪካን። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ትከሻ ድረስ ጠቁሯል፤ ከእኛ በፊት ተደግፈውት የኖሩ ሰዎች ጀርባ ነው ያጠቆረው። ቀድማን የገባች አንዲት ሴት ጆንያው ላይ ተጋድማለች። «ቀድማን» የምለው ብቻዬን ስላልገባሁ ነው። ከጎንደር ሕዝብ ሁሉ ተመርጣ ከእኔ ጋር የተዘጋባት ምክትል ናት። እግዜርም አንዳንዴ ቀልድ ያውቅበታል።

ስሟ ምክትል አይደለም። ማዕረጓ ምክትል አሥር አለቃ ስለነበረ ሰፈሩ አሳጥሮ ምክትል ይላታል። ግራ እጇ ከክርኗ በታች የለም፤ ባሌ የተመታ ቀን እዚያው ግንባር ላይ ነው የቀረው። አገሯ ጃናሞራ ነው፣ መካነ ብርሃን አካባቢ። የባሌም አገር እዚያው ነው። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ሁለቱ ሲገናኙ ስለ ውርጭና ስለ ገብስ፣ ስለማላውቃቸው ሰዎችና ስለሞቱ በቅሎዎች ያወራሉ። ይስቃሉም። ከኔ ጋር ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የሚውል ሰው እሷ ስትመጣ ጥርሱ አይከደንም።

ልንገራችሁ፤ እቀና ነበር። «በተኛ ባል ይቀናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይቀናል፣ እንዲያውም ይብሳል። የቆመ ባል ከሄደ ሄደ ነው፣ አልቅሰሽ ይወጣልሻል። የተኛ ባል ከአጠገብሽ ሳይነቃነቅ ነው የሚሄደው። ሰፈሩ ሁሉ፣ «አንቺ እኮ የጽድቅ ሥራ ነው የያዝሽው» ይለኛል፤ ጻድቅ የተባለች ሴት «ቀናሁ» ብትል ማን ይሰማታል? ስለዚህ አንጀቴ እያረረ ሻይ አፈላላቸውና ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

የታሰርነው በማህበራችን የተነሳ ነው። በሰፈራችን የጦር ጉዳተኛ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች ሆነን ተሰባስበን ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዛሬ እኔ ያንቺን በሽተኛ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ገበያሽን ሸምቺ፣ ቤተ ክርስቲያንሽን ሳሚ፤ ነገ ደግሞ አንቺ የኔን። ምክትል በአንድ እጇ ሰው ማንሳት አትችልም ተብላ ከተራው ቀርታ ነበር፤ የሷ ሥራ ቢሮ ለቢሮ መሄድ ነው። ድምፅ አላት፣ ማዕረግ አላት፣ የተቆረጠ እጅ አላት፤ ዘበኛ አይመልሳትም።

ዊልቸርና ሰው ሠራሽ እግር የሚጠገንበት አንድ ወርክሾፕ ነበር፣ ተዘጋ። ለቁስላቸው ይሰጥ የነበረው መድኃኒትም ቆመ። ብንመላለስ ብንመላለስ መልሱ «ሳምንት ኑ» ሆነ። በመጨረሻ ከቤት መውጣት የሚችሉትን ጉዳተኞች ጎማው ባለቀ ዊልቸርም፣ በክራንችም፣ በትከሻም አድርገን ከፒያሳ ተነሳንና የሚመለከተው ቢሮ በር ላይ ሄደን ተቀመጥን። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። የተሰበረውን ወንበር ሁሉ ደርድረን ዝም አልን። ሰሞኑ ግን መሰብሰብ የተከለከለበት ሰሞን ነበር። ፖሊስ መጣ። ወንዶቹን በመኪና ጭነው ወደየቤታቸው ወሰዷቸው። «ያመጣቸው ማነው?» ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ምክትል ቀደመችኝ። እዚያም ቀደመችኝ። «እኔም ነኝ» ብዬ ከኋላዋ ስከተል ሁለታችንንም አንድ መኪና ላይ ጫኑን።

መግቢያው ላይ ስንፈተሽ የኔን የፀጉር መርፌ፣ የሷን መርፌ ቁልፍ ወሰዱ። ባዶውን እጅጌዋን አጥፋ የምታስይዝበት ነበር። እጅጌው ተንጠልጥሎ ቀረ። የለበስኩትን ጋቢ ግን ተዉልኝ።

ጆንያው ላይ የተጋደመችው ሴት የአይከል ነጋዴ ናት። በመተማ መንገድ ሰሊጥ ስታመላልስ ኬላ ላይ ከአንድ ጠባቂ ጋር ተካርራ ነው የታሰረችው። በዕድሜ ስለምትበልጠን እትዬ አልናት። እኔ አንድ ጥግ፣ ምክትል ሌላ ጥግ ይዘን ስንቀመጥ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች።

«ጣውንቶች ናችሁ እንዴ?» አለች።

«ምነው እትዬ፣ እኔ ባል እንኳ የለኝ» አለች ምክትል እየሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ያልሳቅኩበትን ምክንያት ያገኘችው መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

አዛን በተጠራ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ደወል ሲደወልም እንደዚያው። እትዬ መጀመሪያ ጸሎት መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን አንዷ ሴት በሁለት ሃይማኖት እንዴት ትጸልያለች ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ምክትል ከጥጓ ሆና ትሰማ ነበር። የዚያን ጊዜ ነው መቁጠሪያዬ ምን እንደሆነ ያወቀችው፤ እኛ ቤት ስትመጣ እሱን ስታስቅ እንጂ እኔ ምን እንደምሠራ አይታ አታውቅም።

ቤት ውስጥ ማን አለ ብትሉ፣ ጎረቤታችን ሀጂ አሉ። ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ባሌ በአገሩ ልማድ አያ ይላቸዋል። በግቢያችንና በግቢያቸው መካከል ያለው አጥር ከወደቀ ቆይቷል፣ ማናችንም አላቆምነውም። ምግብ የሚያመጡልኝም እሳቸው ነበሩ።

ችግሩ ባሌ ነው። በሌሎቹ ቤቶች ያሉት ጉዳተኞች ተረኛዋ ማንም ትሁን ማን፣ ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ ይገላበጣሉ። የኛው ግን ጉደኛ ነው። ተረኛዋ ትመግበው፣ ልብሱን ትጠብለት፣ ታጫውተው እንጂ ገላውን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። «ራቁቴን ላንቺ ብቻ ነው» ይላል። ጓደኞቼ፣ «ምን ዓይነት ጭነት ነው የጫነብሽ» ብለው ያዝኑልኛል። እኔ ግን በልቤ ኩራት ነበረኝ። ሳቁን ትውሰደው፣ ገላው የኔ ነው እል ነበር።

ሀጂ አንድ ቀን ምግቡን ይዘው ሲመጡ ከመጠየቂያው ሽቦ ወዲያ ቆመው ፊታቸው ልክ አልነበረም። እኔን ለማናገር የምትጠብቀንን ፖሊስ አስፈቀዱ። ምክትል ከኋላዬ በሩ ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ ለሷም ከዘመድ ምግብ መጥቶላት ነበር።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ይበላል፣ አልሐምዱሊላህ። ሾርባ ጠጥቷል።»

«ገላውስ?»

ሀጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «አላስነካ አለኝ፣ ልጄ። ‹አባቴን የሚያህል ሰው እንዴት ራቁቴን ያገላብጠኛል› አለ። እንደምንም ከነትራሱ ስቤ በጀርባው አስተኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በጀርባው ነው። ሴቶቹ ፈርተው ከቤት አይወጡም፤ አንዷ ደፍራ መጥታ ነበር፣ እሷንም መለሳት። ሾርባ ላጠጣው ቀና ሳደርገው ልብሱ ገለጥ ብሎ አይቻለሁ፣ ከወገቡ ግርጌ ቀልቷል። መዳፌን ያህላል።»

ከዚያ ቀይ ነገር በኋላ የሚመጣውን አውቃለሁ። ይከፈታል፣ ይሸታል፣ ትኩሳት ይመጣል። በሰፈራችን ሁለት ሰው በዚህ ሄዷል።

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አልኩ።

«‹ከሁለት አንዷ ትምጣ› ነው የሚለው።»

«ከሁለት?»

ሀጂ በትከሻዬ ላይ አሻግረው በሩ ላይ የቆመችውን ምክትልን አዩ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ሳህኑን ይዤ ገባሁ። እትዬ ከፈተችው፣ ሽሮ ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሁለት! ያችኑ የቀረችኝን አንድ ነገር ለሁለት አካፈለብኝ። ሰው ታስሮ ረኀብ ያስባል፣ ዱላ ያስባል፣ እኔ ያን ቀን የማስበው ይህን ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ሁለት የሆንነው? እሷ አንሶላ ገልጣ አታውቅም፣ ትራስ አስተካክላ አታውቅም። ተነካክተው የሚያውቁት ግንባር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

«ምነው፣ አትበዪም?» አለችኝ ምክትል።

«አልራበኝም።»

«ሸጋ ሽሮ ነው።»

«ብይው። ካሁን ወዲያ ያንቺም ቤት ሽሮ ነው።»

እጇን ከሳህኑ መለሰች። ነገር እንዳለኝ ገብቷታል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ምክትልን ጠሯት። ብዙም አልቆየችም፤ ተመልሳ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሉሽ?» አለቻት እትዬ።

«ውጪ አሉኝ። መርማሪው የቀድሞ ወታደር ነው። እጄን አየና፣ ‹አንቺ ሂጂ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ› አለኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይጎልትሻል?»

«‹እሷስ?› አልኩት። ‹የሷ አልተጣራም፣ ትቆያለች› አለ። እንግዲያው እኔም አልወጣም አልኩት። አብራኝ የገባችን ሰው ጥዬ አልወጣም።»

«ወንድ ነሽ አንቺ» አለች እትዬ፣ ደረቷን መታ አድርጋ።

ይኸው፣ ደግሞ ጀግና ሆነች። ጥላቸው ካልወጣቻቸው ሰዎች የመጀመሪያው ከግንባር ጎትታ ያወጣችው ባሌ ነበር፣ አሁን ደግሞ እኔ ልጨመርለት ነው። ዕድሜ ልኬን ‹ምክትል ለሷ ብላ አልወጣም አለች› እየተባለልኝ ልኖር ነው። በዚያ ላይ፣ ምን እደብቃለሁ፣ አልወጣም ስትል ቀለል ብሎኛል። እዚህ ከቀረች እዚያ የለችም። ብርድ ልብሱን ገልጣ አታየውም።

እንዲህ እያልኩ ሳለ የከሰዓት በኋላው አዛን ተጠራ። እጆቼ ተነሱ። በጋቢ በሽተኛ እንደሚያገላብጥ ሰው ጣቶቼ ተጨበጡ። አየኋቸው። እነሱ ስለ ምክትል የሚያስቡት ነገር አልነበረም፤ የሚያስቡት ስለ ወገቡ ብቻ ነው።

«ምክትል» አልኳት።

«አቤት።»

«ተነሺና ውጪ።»

«አልወጣም አልኩ እኮ።»

«ወገቡ ቀልቷል። ከሁለታችን በቀር ሰው አላስነካም ብሏል። እኔን አይለቁኝም። ሂጂና ባሌን አገላብጪው።»

እትዬ ማላመጧን አቆመች። ምክትል ባዶውን እጅጌዋን በጣቶቿ ጠቀለለች።

«በአንድ እጄ እንዴት አድርጌ?»

«አሳይሻለሁ።»

«አንቺስ እዚህ?»

«እኔ በራሴ እገላበጣለሁ» አልኳት። በለሰለሰ ድምፅ አልነበረም ያልኳት። እናንተም ብትሆኑ በለሰለሰ ድምፅ አትሉትም።

ጋቢዬን አውልቄ አራት አጠፍኩና ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁት። በላዩ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ።

«እኔ እሱ ነኝ» አልኳት። «ከደረቴ በታች የለሁም። እግሬም ዳሌዬም የሞተ ነው፣ አላግዝሽም። ጋቢው ከትከሻ እስከ ጭን ድረስ ከሥር ይሁን። መጀመሪያ ጨርቁን ዳብሺ፤ አንዲት የተጨማደደች ቦታ ከቀረች እንደ ቢላዋ ናት።»

ዳበሰች።

«አሁን የወዲያኛውን ጫፍ ያዢ። በክንድሽ እንዳትጎትቺ፣ ክንድሽ አይችልም። በወገብሽ ዙሪያ እንደ መቀነት አዙሪው፣ ጫፉን በብብትሽ ቆልፊው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዘንበል በይ። ክብደትሽ ይሥራ። እጅሽ ጭንቅላቱን ብቻ ይደግፍ።»

ዘንበል ስትል ከሲሚንቶው ላይ ተነሳሁ። ሙሉ ሰውነቴ ወደ ጎን ዞረ። እትዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየናለች።

«ጉድ በል ጎንደር» አለች። «ጣውንት ለጣውንት ባል ስታስረክብ አየሁ።»

ምክትል ሳቀች፤ እኔ ግን ከተኛሁበት ቀና አልኩ። በቀኝ ጎኔ ነበር ያስተኛችኝ።

«በዚህ አይደለም» አልኳት።

«በዚህ እንጂ። የተመታው በቀኙ አይደል? የተመታ ሰው በተመታበት ጎኑ ነው የሚተኛው። ደህናው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተነፍሳል። እንዲያ ነው የተማርነው። ያን ቀንም እንዲያው ነው ያስተኛሁት።»

«ያ ግንባር ላይ ነው፣ አምቡላንስ እስኪመጣ። ይህ የዕድሜ ልክ ነው። ቀኝ ዳሌው አጥንቱ እስኪታይ ቆስሎ በስንት መከራ የዳነ ነው። የላዩ ቆዳ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ነው። በቀኙ ካስተኛሽው በአንድ ቀን ይከፈታል። ከደህናው ጎኑ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ መልሰሽ ወደ ደህናው ጎኑ። የወገቡ ቅላት እስኪጠፋ ጀርባውንም ዝለዪው፤ በቀኙ ግን ፈጽሞ።»

ፊቷ ተለወጠ። ሳላሳያት ሄዳ ቢሆን ምን ልታደርገው እንደነበር ሁለታችንም ገባን። እኔ ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ሥር ደግሞ ደስ አለኝ፤ ስለሱ የማታውቀው ነገር ተገኘ።

«በደህናው ጎኑ» አለች፣ ወታደር ትእዛዝ እንደሚደግም።

«በደህናው ጎኑ» አልኳት።

ደጋግመን ሠራነው። በእጇ ጀርባ ቆዳ እንዴት እንደሚዳበስ፣ ቀዩ ሲጫኑት ነጣ ካላለ ምን እንደሚደረግ፣ ቁርጭምጭሚቱ አልጋ እንዳይነካ ምን ከሥሩ እንደሚደረግ ነገርኳት። እጇ ሞቅ ያለና ጠንካራ ነው። አንገቴን ደግፋ ስታዞረኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ይህ እጅ ሲነካው ምን ይሰማው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ትዝ አለኝ። ከደረቱ በታች ምንም አይሰማውም። የኔም እጅ አይሰማውም። ያን ሁሉ ዘመን ‹የኔ ብቻ› እያልኩ የያዝኩት ነገር እሱ ጋ ደርሶ የማያውቅ ነገር ነበር። ተነስቼ ጋቢውን አራገፍኩ።

ምክትል ግን አልተነሳችም። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ቀረች።

«እኔም ልንገርሽ» አለች። «ሲቃዥ ‹ይሰማል? ይሰማል?› ይላል?»

ይህን ከኔ በቀር የሚሰማው አልነበረም። «በምን አወቅሽ?»

«የመገናኛ ሬዲዮ ያዡ እሱ ነበር። ምን ትይዋለሽ?»

«‹አዎ፣ እሰማሃለሁ፣ አይዞህ› እለዋለሁ።»

«ያኔ ይብስበታል።»

ይብስበታል። ያልበዋል፣ ይጮኻል፣ ብርድ ልብሱን ጨብጦ አይለቅም። ሐኪም ጠይቄያለሁ፣ ጠበል አስረጭቻለሁ።

«ያን ቀን ‹እንሰማሃለን› ሲሉን ነው የዋሉት» አለች። «ሰሙን፣ ግን ማንም አልመጣም። ሬዲዮውን አልለቅም ብሎ እዚያው ሊያልቅ ሆነ። በኋላ እኔ ‹ማኪናው ደርሷል› አልኩት። ማኪና የት አለ? ዝም ብዬ ነው። ሬዲዮውን እንዲለቅልኝና በቀበቶው እንድጎትተው ነው። ለቀቀ። አንቺም ‹ማኪናው ደርሷል› በይው፣ ዝም ይላል።»

መኪናን በአገሯ አነጋገር ማኪና ነው የምትለው። በሬዲዮውና በማኪናው መሃል የሷ እጅ እንደቀረ አልነገረችኝም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«መቼ ልንገርሽ? ሻይ ታስቀምጪና ትወጫለሽ። አንድ ቀን ከኛ ጋር ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

ጋቢውን አጥፌ ሰጠኋት።

«ይህን ውሰጂ» አልኳት። «የሱ መገላበጫ ነው፣ ስመለስ ላሳጥበው ለብሼው ወጥቼ ነው። ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል። አዲስ ጋቢ ክሩ ቆዳ ይልጣል።»

«ብርዱን እንዴት ትችይዋለሽ?»

«የጃናሞራ ሰው የጎንደርን ብርድ ብርድ ትላለች እንዴ?»

ፈገግ አለች። ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የተንጠለጠለውን እጅጌዋን በጥርሷ ልትቋጥር ሞከረች፤ አምልጧት ተንጠለጠለ። «ነይ ወዲህ» አልኳት። እጅጌውን ከክርኗ ሥር ሰብስቤ ጥሩ አድርጌ ቋጠርኩላት። የተቆረጠውን ቦታ ስነካው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በሩን ደበደበችና ፖሊሷን «ሐሳቤን ለውጫለሁ፣ እወጣለሁ» አለቻት።

በሩ ተዘጋ። እትዬ የነጠላዋን ግማሽ ወደኔ አደረገች። ሲመሻሽ አዛን ተጠራ። እጆቼን አየሁ፤ ጭኔ ላይ ተቀምጠዋል፣ አልተንቀሳቀሱም። ስታሰር ያላለቀስኩት ያን ጊዜ አለቀስኩ።

እኔን የለቀቁኝ ቆይተው ነው። ክስ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም፤ «ሂጂ» ብቻ ነው የተባልኩት። ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሰላም ሳልለው ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ቆዳው ደህና ነው። ከወገቡ ግርጌ የነበረው ቅላት ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ሆኗል። በደህናው ጎኑ ተኝቷል፣ ጋቢው ከሥሩ ነው፣ አንዲት የተጨማደደች ቦታ የለችበትም። አልጋው ግን ከነበረበት ዞሮ መስኮቱ ሥር ሆኗል።

«አልጋውን ማን አዞረው?» አልኩት።

«መንገዱን እንዳይ ነው» አለ። ሲለኝ ፊቱ ያበራል። «የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አያለሁ። አንቺም ከባጃጅ ስትወርጂ አየሁሽ።»

መልሼ ወደ ግድግዳው ልገፋው እጄን አልጋው ላይ አድርጌ ነበር። ተውኩት። ምክትል ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ እጅጌዋ በአዲስ መርፌ ቁልፍ ተይዟል። «ጠዋት በሆዱ ነበር፣ አሁን ነው ያዞርኩት» አለችኝ፣ ዘብ እንደሚያስረክብ ሰው። ሻይ ላፍላ ብላት እንቢ ብላ ሄደች።

አሁን ወርክሾፑ አልፎ አልፎ ይከፈታል። መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። እኛም ቢሮ መመላለሱን አልተውንም፤ ፈቃድ ጠይቀን ነው የምንሄደው። ምክትልም ተራ ገብታለች። በአንድ እጅ ማገላበጡን ለሌሎቹ ሴቶች የምታስተምረው እሷ ናት፣ ሴቶቹም ‹የምክትል ዘዴ› ነው የሚሉት። የኔ ነው ብዬ አላውቅም፤ አንጀቴ ግን ያውቀዋል።

እኛ ቤት የሷ ቀን ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ፒያሳ ወጥቼ ብቻዬን ማኪያቶ እጠጣለሁ። አይጣፍጠኝም፣ ግን እጨርሰዋለሁ። ስመለስ ሳቃቸው ከመንገድ ይሰማኛል። ያኔ ሻይ አፍልቼ እኔም እቀመጣለሁ። ስለ በቅሎዎቹ አሁን ብዙ አውቃለሁ። ቅናቱ ጠፋ ብዬ ግን አልዋሻችሁም፤ አብሮን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

በቅርቡ ነው፣ ማክሰኞ ባልሆነ ቀን። ከምሳ በኋላ ባሌ በጀርባው እንደተኛ ሸለብ አደረገው። እኔ አጠገቡ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ብቅ አለ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨበጠ።

«ይሰማል?» አለ። «ይሰማል?»

‹እሰማሃለሁ› አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ጎንበስ ብዬ በሷ አነጋገር፣ ቃሉን በአገሯ ልማድ ጫን አድርጌ፣ «ማኪናው ደርሷል» አልኩት።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ትንፋሹ ረገበ።

«እሺ፣ ምክትል» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እኔ ነኝ ልለው ነበር። አዛን ተጠራ። የጋቢውን ጫፍ በወገቤ ዙሪያ አዞርኩና፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ፣ በደህናው ጎኑ አስተኛሁት።